ሬዲዮ የላከው ፎቶ

ፀጉር አስተካካዩን በስሙ የምትጠራው እናቱ ብቻ ነበረች፤ እሷ ካለፈች በኋላ ስሙም አብሯት ተቀበረ። ለሰፈሩ ሁሉ ሬዲዮ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት አንድ ደንበኛ ነው ይባላል። ሰውየው ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደተቀባ፣ ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን ይዞ ወሬ ሲያነብለት ትዕግስቱ አለቀና፣ «አንተ ሬዲዮ! በፈጠረህ፣ ማስታወቂያው ላይ ስትደርስ እንኳ ጢሜን ጨርስልኝ!» አለው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ስም አልነበረውም፤ እሱም አልተቀየመም። እንዲያውም ከበሩ በላይ «ሬዲዮ የወንዶች ፀጉር ቤት» ብሎ በቀይ ቀለም አስጻፈው።

ቤቱ ጠባብ ነው። ሁለት ወንበር አለው፤ አንዱ ይሽከረከራል፣ ሌላው ቆዳው ተቀዶ ስፖንጁ ስለወጣ ተራ ጠባቂ ይቀመጥበታል። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የያዘ መስታወት አለ፤ ከሥሩ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ቶንዶስ፣ ምላጭ፣ አልኮል፣ ፓውደር። በአልኮሉ ጠርሙስና በፓውደሩ ቆርቆሮ መሃል ደግሞ ስልኩ ተደግፎ ይቆማል። የሬዲዮ አንድ ዓይኑ ከደንበኛው ማጅራት ላይ ነው፣ አንዱ ከስልኩ ላይ። እጁ ግን የተባረከ ነበር፤ ሳያይ ይላጫል፣ ማንንም ጭሮ አያውቅም።

የትም ምን ቢፈጠር ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው። መኪና ተገለበጠ፣ ጎርፍ ቤት ወሰደ፣ እሳት ተነሳ... ፎቶው ከየት እንደሚመጣ እሱም በቅጡ አያውቀውም። ብቻ ይመጣል፤ እሱም ያሳልፈዋል። «የሰፈር ልጆች» የሚባል ግሩፕ አላቸው፤ ባለሱቁ፣ መምህሩ፣ ጡረተኛው፣ ሹፌሩ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ሬዲዮ ፎቶውን ይለጥፍና ከሥሩ «እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ» ወይም «ልብ ያለው ሰው ሼር ያድርግ» ብሎ ይጽፋል። ለታይታ አልነበረም። ከልቡ ያዝናል፤ አንዳንዴ ምላጩን አስቀምጦ ዓይኑን በክንዱ ሲጠርግ ደንበኞቹ አይተውታል። ብቻ ሐዘኑ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል። ማታ ሚስቱ «ጠዋት ያለቀስክለት ሰውዬ ምን ሆነ?» ብትለው የትኛው እንደሆነ ለማስታወስ ስልኩን መክፈት ነበረበት።

ሚስቱ ይህን ጠባዩን አትወድለትም። አንድ ቀን ምሳ ላይ የተገለበጠ አውቶቡስ ፎቶ ዘረጋላት።

«ኧረ በናትህ አንሳልኝ!» አለችው ፊቷን አዙራ። «ጉርሻው አፌ ውስጥ እያለ!»

«አይተሽ እዘኚ ብዬ እኮ ነው።»

«ይሄ ሰውዬ ሚስት የለውም? ልጅ የለውም? ሱሪው ወልቆ እዚያ አስፋልት ላይ ተዘርግቶ እኔ ባየው ምን ይጨምርለታል?»

«ሹፌሮች ይማሩበታላ!»

«የትኛው ሹፌር ነው ሬሳ አይቶ ፍሬን የያዘው? የእህትህን ባል ጠይቀው እስቲ!»

ሬዲዮ ሳቀ። ሚስቱ በነጋታው ከግሩፑ ወጣች። እሱም «ሚስቴ ከሀገር ተሰደደች» እያለ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ቀለደባት።

የእህቱ ባል በእርግጥም ሹፌር ነበር፤ የከተማ አውቶቡስ ነው የሚነዳው። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሬዲዮ «ቃላት በኪሎ የሚሸጡለት ይመስለዋል» ይለዋል። እህቱ ሚጣ ግን የሳቅ ሰው ነበረች። እናታቸው ስትሞት ሚጣ ገና ልጅ ስለነበረች ጫማዋን የሚገዛላት፣ ፀጉሯን የሚጎነጉንላት፣ ትምህርት ቤት ሲጠሩ ወላጅ ሆኖ የሚቀርብላት እሱ ነበር። ፀጉር መንካት የጀመረው በእሷ ራስ ላይ ነው ማለት ይቻላል። አግብታ ወልዳ እንኳ «ወንድም ጋሼ» ማለቷን አልተወችም። ሹራብ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ካውያ ስትገፋ ትውላለች። ከክርኗ ዝቅ ብሎ፣ በክንዷ በውስጥ በኩል፣ የካውያ ጫፍ ያረፈበት ባለሦስት ማዕዘን ጠባሳ ነበራት። «ማኅተሜ ነው፤ ብጠፋ በዚህ ትለዩኛላችሁ» እያለች ትስቅበት ነበር።

ልጇን ፀጉር ልታስቆርጥ የመጣች ዕለት፣ ድርጅቱ ቤት ሊቀይር መሆኑን ነግራው ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ እኛ እኮ ከመናኸሪያው ልንነሳ ነው። ከገበያው ጀርባ ወዳለው ፎቅ ሊወስዱን ነው። ከላይ ገና እየገነቡበት ነው ይላሉ፣ አቧራው አይቻልም አሉ።»

«ጎሽ፣ ጎሽ» አላት ሬዲዮ። ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር። የሆነ ቦታ ጀልባ ሰምጦ ነበር።

«ምኑን ነው ጎሽ የምትለኝ? ሰምተኸኛል?»

«ሰምቼሻለሁ እንጂ! ጥሩ ነው።»

ሚጣ በመስታወቱ ውስጥ ለልጇ ጠቀሰቻትና «አጎትሽ ባትሪው እያለቀ ነው» አለቻት። ሁለቱ ተሳሳቁ። እሱም ምን እንዳሳቃቸው ሳያውቅ አብሯቸው ሳቀ።

ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ነው ነገሩ የሆነው። ሬዲዮ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ አንድ ደንበኛ እየላጨ ነበር። ስልኩ ጮኸ። ከገበያው ጀርባ ያለ ፎቅ ተደርምሷል፣ ሰዎች ከሥር አሉ ይላል። «ውይ!» አለ ሬዲዮ፤ የእህቱ መሥሪያ ቤት እሱ እንደሚያውቀው መናኸሪያው አጠገብ ስለሆነ ልቡ ምንም አላለውም። ወዲያው ፎቶ ተከተለ።

አንዲት ሴት በብሎኬትና በተጣመመ ብረት መሃል በጀርባዋ ወድቃለች። ፊቷን የሲሚንቶ አቧራ ለብጦት የተቀረጸ ድንጋይ እንጂ ሰው አይመስልም። ቀሚሷ ወደ ላይ ተሰብስቦ ጭኗ ራቁቱን ቀርቷል። አንድ እጇ ከራሷ በላይ ተዘርግቷል። የሚሸፍናት ሰው የለም።

ሬዲዮ ምላጩን አስቀመጠ። «አየህልኝ?» ብሎ ስልኩን ለደንበኛው ዘረጋለት። ደንበኛው በአረፋው ውስጥ ሆኖ «ነፍስ ይማር» አለ። ሬዲዮ በእርጥብ አውራ ጣቱ ፎቶውን ወደ ግሩፑ አሻገረው፤ ከሥሩም ጻፈ። «ይህች የሰው ልጅ ናት። የሰው እህት ናት። አይታችሁ ዝም አትበሉ፣ ሼር አድርጉ።» ከዚያም ምላጩን አንስቶ ሥራውን ቀጠለ።

ጢሙን ሳይጨርስ ስልኩ ጠራ። ሹፌሩ ነው።

«ሬዲዮ።»

«አቤት የኔ ጌታ! ዛሬስ በጠዋት? ተራ ላይ ነህ?»

«አሁን የላክኸውን ፎቶ አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ እንጂ! አያሳዝንም? እኔማ አንጀቴ ነው የተላወሰው።»

 ከሹፌሩ ጀርባ መንገደኛ የሚጠሩ ረዳቶች ጩኸት ይሰማል።

«በደንብ አይተኸዋል ወይ ነው የምልህ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ የሱ አይመስልም።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«እጇን እየው።»

ሬዲዮ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ፎቶውን ከፈተ። በሁለት ጣቱ አሰፋው። ከራሷ በላይ የተዘረጋውን ክንድ ሥዕሉ እስኪደበዝዝ ድረስ አስጠጋው። አቧራው ሥር፣ ከክርኑ ዝቅ ብሎ፣ ባለሦስት ማዕዘን ነገር አለ።

ደንበኛው በኋላ ለሰው ሲያወራ፣ «አልጮኸም፤ ወንበሩን ይዞ ቀስ እያለ ቁጭ አለ፣ እኔ እንኳ የወደቀበትን ነገር የሚፈልግ ነው የመሰለኝ» ብሏል። ከዚያ ተነስቶ በሩን እንደከፈተ፣ የደንበኛውን ግማሽ ጢም እንደተወ፣ ሽርጡን እንደታጠቀ ሮጠ። ሲሮጥ ስልኩ እጁ ውስጥ ይንጫጫ ነበር። ግሩፑ ነው። ባለሱቁ የሚያለቅስ ፊት ልኳል። ጡረተኛው «እግዚኦ» ብለዋል። ሚጣን በሕፃንነቷ አዝለው ያሳደጉ ጎረቤት «ምስኪን፣ የማን ልጅ ትሆን?» ብለው ጽፈዋል።

እቦታው ሲደርስ አንስተዋታል። ሆስፒታል ሲደርስ ሹፌሩ ቀድሞት ደርሶ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ሬዲዮ ሊያቅፈው እጁን ዘረጋ። ሹፌሩ አልገፋውም፤ አላቀፈውምም። እንደ ግድግዳ ቆመለት።

ቀብሩ ላይ ሰው ብዙ ነበር። ሬዲዮ ያን ቀን ያየውን ነገር ለሚስቱ እንኳ ለመናገር ጊዜ ወሰደበት። ሰው ሬሳ ሳጥኑን ሲያይ የሚያየው ሳጥኑን አልነበረም። ሁሉም በዓይኑ ውስጥ ያንን ፎቶ ይዞ ነው የመጣው። ሚጣ በሕይወቷ ያለ ረጅም ቀሚስ ደጅ ወጥታ አታውቅም፤ አሁን እዚያ የቆመ ወንድ ሁሉ ጭኗን አይቷል። አንዱ ለጎረቤቱ «ያቺ ናት እኮ፣ ያቺ ፎቶው ላይ ያለችው» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማው። ሬዲዮ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ፎቶውን ከግሩፑ ያጠፋው ዕለቱኑ ነው። ግን ከሰው ስልክ አልጠፋም። ከሐዘኑ እንደተነሳ ሥራው ይህ ሆነ። ደንበኛ ሲቀመጥ ጨርቁን አንገቱ ላይ ያስርና «ያንን ፎቶ አለህ? በእናትህ አጥፋልኝ» ይላል። አንዳንዱ እፊቱ ያጠፋለታል። አንዳንዱ «የለኝም» ይለዋል፤ ሬዲዮ ግን ወሬ አስተላላፊ ስለነበር ያለውንና የሌለውን ከፊት ይለያል። አንዱ ወጣት «አጥፍቼዋለሁ» ካለው በኋላ በመስታወቱ በኩል አየው፤ ስልኩን ወደ ሆዱ አስጠግቶ የሆነ ነገር ለሆነ ሰው ሲልክ ነበር። ምን እንደላከ አያውቅም። ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ሬዲዮ ግን ምላጩ አዳለጠውና ከጆሮው ሥር ጫረው። በሕይወቱ ሰው ሲጭር የመጀመሪያው ነበር።

ግድግዳው ላይ «በዚህ ቤት የሞተ ሰው ፎቶ ማየት ክልክል ነው» ብሎ ለጠፈ። ሰው እያየው ሳቁን በእጁ ይሸፍናል። ሬዲዮ ደግሞ ክልክል ሲል! ቀስ በቀስ ደንበኞቹ ማዶ ወዳለው ፀጉር ቤት ፈለሱ። ሚስቱ ወረቀቱን አንስታ አጠፈችውና ኪሷ ከተተችው። «ሰው በማስታወቂያ አያፍርም» አለችው። ሚጣ የሞተች ዕለት አልተቆጣችውም፤ በኋላም «ነግሬህ አልነበር?» ብላው አታውቅም። እሱ ግን በየቀኑ ይጠብቀው ነበር።

ፎቶውን ያነሳውን ሰው ፈልጎ አገኘው። ከፈረሰው ፎቅ ፊት ለፊት መስታወት የሚሸጥ ጎልማሳ ነው። ሬዲዮ ሲሄድ ሊማታ አስቦ ነበር። ሰውየው ግን ማን እንደሆነ እንደነገረው ወንበር አቀረበለት፣ ራሱ ቆመ።

«እኔ ለአንድ ጓደኛዬ ብቻ ነው የላኩት» አለ። «ፎቅ ወደቀብን ብዬ። እሱ ደግሞ ለአንድ ሰው ነው የላክሁት አለኝ። እውነቴን ነው። ከዚያ ጃኬቴን አውልቄ አለበስኳት። አለበስኳት እኮ! እሱን ማንም ፎቶ አላነሳው።»

ሬዲዮ ለማወቅ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሹፌሩ አፍ አውጥቶ ባይጠይቅም ቀንና ሌሊት የሚያብሰለስለው ያንን እንደሆነ ያውቃል።

«ፎቶ ስታነሳት» አለ፣ «ትተነፍስ ነበር?»

ሰውየው ዓይኑን ወደ ደጃፉ መለሰ። ደጃፉ ላይ የተደገፉት መስታወቶች ውስጥ መንገደኛው ወዲያና ወዲህ ይላል።

«አላውቅም» አለ። «አላየኋትም። ስልኬን ነበር የማየው።»

ሬዲዮ ተነስቶ ወጣ። አልተማታም። በምን አፉ፣ በምን እጁ!

ሹፌሩ ለወራት አላናገረውም። ልጅቷን ይዞ ሊጠይቅ አይመጣም፤ ሬዲዮ ሲሄድ በሩን ይከፍትለታል፣ ሻይ ያቀርብለታል፣ ይቀመጣሉ፣ ዝም ይላሉ። አንድ ቀን ግን ሬዲዮ አልቻለም።

«በለኝ» አለው። «የፈለግከውን በለኝ። ስደበኝ። ይሄ ዝምታህ ገደለኝ።»

ሹፌሩ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ምን ልበልህ? መላኩን ማንም ይልከዋል። እኔም የላክኸውን ስከፍት ኖሬያለሁ፤ የሌላ ሰው ሚስት ስትሆን አይቼ አልፌያለሁ። በሱ አልፈርድብህም።» ቃላቱን አንድ በአንድ ነበር የሚያወጣቸው። «አንተ ግን አሳድገሃታል። እጇን ይዘህ ነው ትምህርት ቤት የወሰድካት። አይተሃት፣ ፎቶውን ለጥፈህ፣ ጽፈህበት፣ አላወቅካትም። እኔ የማልችለው እሱን ነው።»

ሬዲዮ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ከዚያ በፊት ስንት ሰው እንዲህ እንዳየ ለማስታወስ ሞከረ። ጎርፍ የወሰዳቸው፣ እሳት የበላቸው፣ አስፋልት ላይ የቀሩ። አንድም ፊት አልመጣለትም። አይቷቸው ነበር፤ ግን አንዱንም አላየም።

ከቀሩት ደንበኞቹ አንዱ መምህሩ ነበሩ። ረጋ ያሉ፣ ጋዜጣ የሚያነቡ፣ ፀጉራቸው አልቆ እንኳ በወር በወሩ የሚመጡ ሰው ናቸው። ሬዲዮ የሆዱን አጫወታቸው።

«አየህ» አሉት በመስታወቱ ውስጥ እያዩት፣ «ልክ ነህ፤ ያምማል። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ያ ፎቶ ባይወጣ ኖሮ ባለፎቁን ማን ይጠይቀው ነበር? ያለ ፈቃድ ነው ፎቅ ላይ ፎቅ የደረበው። ሰው ፎቶውን አይቶ ስለጮኸ ነው የታሰረው። እህትህ ሳታውቀው ለብዙ ሰው ጠበቃ ሆነች።»

«እሷ ግን ጠበቃ ልሁን አላለችም፣ ቲቸር።»

«አላለችም። ልክ ነው።»

«የሠራተኞቹን ስም ቢጽፉ፣ የፈረሰውን ግንብ ቢያሳዩ፣ አይበቃም ነበር?»

መምህሩ ጥቂት አሰቡ። «ሰው ለግንብ አያለቅስም» አሉ። ወዲያውም በተናገሩት እንደማፈር ብለው ዓይናቸውን ሰበሩ።

ሬዲዮ ይህቺን ነገር ለተወሰነ ጊዜ እንደ መድኃኒት ያዛት። ሚጣ በከንቱ እንዳልተራቆተች፣ ባለፎቁ እስር ቤት እንዳለ እያሰበ መተኛት ቻለ። ለሹፌሩም ነገረው፤ ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። በኋላ ባለፎቁ ተፈታ። ጥፋቱ የተቋራጩ ነው ተባለ፤ ተቋራጩ ደግሞ የለም። ያኔ የጮኸ ሰው ሁሉ ሌላ ፎቶ ላይ ነበር፤ ስለ መፈታቱ የጻፈ የለም። ፎቁም ተጠርጎ በቦታው ሌላ ተጀመረ። መምህሩ በሚቀጥለው ወር ሲመጡ ስለ ነገሩ አላነሱም፤ ሬዲዮም አላነሳባቸውም። ዝም ብሎ ላጫቸው።

ዓመታት አለፉ። ሬዲዮ ስልኩን ከመደርደሪያው አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ለመደ። ከዕለታት አንድ ቀን ሩቅ ሀገር መሬት ተንቀጠቀጠና ብዙ ሰው አለቀ። አንድ ደንበኛ ተራውን ሲጠብቅ ስልኩን እያየ ከንፈሩን ደጋግሞ መጠጠ። ሬዲዮ ሳያስበው በትከሻው በኩል አየ። ሚጣ ናት። ያው ፎቶ ነው፤ ከሥሩ የዚያ የሩቅ ሀገር ስም ተጽፏል። «በመሬት መንቀጥቀጡ የሞተች እናት» ይላል። ገጹ ተከታዩ የትየለሌ ነው።

ማታ እቤቱ ሆኖ ገጹን ፈልጎ አገኘውና ጻፈ። «ይህች ሴት እህቴ ናት። የሞተችው በሌላ ቦታ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ልጅ አላት። እባካችሁ አንሱልን።» ባለገጾቹ ምንም አላሉም። ሌላው ግን መልስ ሰጠው። «ውሸታም» አለው አንዱ። «ላይክ ፍለጋ ነው» አለ ሌላው። አንዱ ደግሞ «እህትህ ከሆነች ማስረጃ አምጣ፣ ሌላ ፎቶዋን ለጥፍ» አለው። ሬዲዮ የሚጣን የሠርግ ፎቶ ከፈተ። ስቃለች፣ በክንዷ አበባ አቅፋለች። ሊለጥፈው ጣቱን አስጠጋና አቆመ። ይህቺንም ሊሰጣቸው ነው? ሚስቱ ከጀርባው ቆማ ታይ ነበር። ስልኩን ከእጁ ወስዳ አጠፋችው። «ተወው» አለችው። «በቃ ተወው፣ አንተ ሰው።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነው።

ፎቶው የሚጣ ልጅ ጋ እንዳይደርስ ሁሉም የሚችለውን አድርጓል። አባቷ የራሱን ስልክ ትቶ ባለቁልፍ ስልክ ያዘ፤ ለሷም አልገዛላትም። «እናትሽ ሳይሰማት፣ እንደተኛች ነው የሄደችው» ብሎ ነገራት። ልጅቷ ግን አደገች፤ ትምህርት ቤት ደግሞ የሌላ ሰው ልጆች አሉ፣ የሌላ ሰው ልጆች ደግሞ ስልክ አላቸው።

አንድ ከሰዓት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ብቻዋን ፀጉር ቤቱ መጣች። ደንበኛ አልነበረም። የተቀደደው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ቁመቷ እናቷን አክሏል።

«አባትሽ ያውቃል እዚህ እንዳለሽ?»

«አያውቅም።» ከቦርሳዋ የወጣ ክር በጣቷ ትጠመጥማለች። «አጎቴ፣ የእማዬ ፎቶ አለ አይደል? ስትሞት የተነሳ።»

ሬዲዮ ክው አለ። «ማነው ያለሽ?»

«ክፍላችን ውስጥ ሁሉም አይቶታል። ስገባ ዝም ይላሉ። ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

«አታይውም» አላት። «ልጄ፣ እሱ እናትሽ አይደለም። እናትሽ እንደዚያ አይደለችም።»

«ታዲያ ለምን ላክኸው?»

መሳቢያው ውስጥ ስልኩ ነዘረና ዝም አለ። ሬዲዮ ከመደርደሪያው ጋር ተጣብቆ ቆሟል።

«አንደኛዋ ናት የነገረችኝ። አባቷ ድሮ እዚህ ሰፈር ነበር። መጀመሪያ የላከው አጎትሽ ነው አለችኝ።» ማልቀሷን ይጠብቅ ነበር፤ አላለቀሰችም። «ለሁሉም ሰው ልከኸው የለ? ለኔም አሳየኝ።»

«የለኝም። አጥፍቼዋለሁ።»

«ፈልገው። ይገኛል አይደል?»

ይገኛል። ገና ስም ሳይጽፍ እንደሚወጣ ያውቃል። እሷም እዚህ ካላየችው ሌላ ቦታ፣ ምናልባት ትምህርት ቤት መጸዳጃ ውስጥ፣ በማታውቀው ልጅ እጅ ላይ እንደምታየው ያውቃል። አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ እጇን ይዞ፣ «እዚህ ጋ አትይ፣ ይቺን እጇን ብቻ እይ» ቢላት ይሻል ይሆን? ወደ መሳቢያው አንድ እርምጃ ሄደ። እጄታውን ያዘ። አልከፈተውም።

«አልችልም» አላት። «እኔ ሁለተኛ ለማንም አላሳይም። ላንቺ ደግሞ በጭራሽ።»

ልጅቷ ተነሳች። «እሺ» አለች፤ ልክ እንደ አባቷ፣ አጭር። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ሬዲዮ ተከትሎ እበሩ ድረስ ሄደ፤ አልጠራትም። የሄደችው ወደ ቤቷ ሳይሆን ተማሪዎቹ ተሰብስበው ወደሚቆሙበት ጥግ ነበር።

ሹፌሩ ማታውኑ ደወለ። ልጅቷ ስትገባ እራት አልበላም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። «ምን ሆንሽ ስላት 'ተኝታ ነው የሄደችው ብለኸኝ ነበር' ብቻ ነው የምትለኝ» አለ። «ውሸቴ አለቀብኝ፣ ሬዲዮ።» ሬዲዮ፣ ልጅቷ እሱ ጋ መጥታ እንደነበር ነገረው። ሹፌሩም፣ «አንተ ብታሳያት ይሻል ነበር?» ብሎ ጠየቀው። ሬዲዮ መልሱን ለማወቅ ነፍሱን በሰጠ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሹፌሩ ሌላ ከተማ የጭነት መኪና ሥራ አገኘ፤ ወይም ፈልጎ አገኘ። የሄዱ ቀን ዕቃቸውን የጫነው መኪና ፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት ቆመ። ሹፌሩ ከመሪው አልወረደም። ልጅቷ ናት የወረደችው። ሬዲዮ ቶንዶሱን አጥፍቶ ወጣና እበሩ ላይ ተገናኙ። አንገቷን አቀፋት፤ እሷም ቆማ ታቀፈችለት።

«አየሁት» አለችው፣ ወደ መሬት እያየች።

«አውቃለሁ።»

«አጎቴ፣ ድሮ እማዬን ላስብ ስል የምትመጣብኝ ስትስቅ ነበር። ስታበጥረኝ። አሁን ስሞክር ያ ብቻ ነው የሚመጣው።» ቀና ብላ አየችው፤ የሚያስተካክልላት ይመስል። «ይጠፋል?»

ሬዲዮ ሊዋሻት ፈለገ። 

«ከኔም አልጠፋም» አላት።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። አባቷ ክላክስ ነፋ። ተመልሳ ወጣችና በሩን ዘጋችው፤ መኪናው ጢሱን ለቆ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ እጇን አላወጣችም። ሬዲዮ እስኪታጠፉ ቆሞ አያቸው። ወንበሩ ላይ የተወው ደንበኛ ከውስጥ «ኧረ ሬዲዮ፣ አንገቴ ደረቀ እኮ!» ብሎ ጮኸ። ገብቶ ቶንዶሱን አስነሳ።